ባዝራ ግራር፤ በኢሉባቦር የቡናው ጥላ



ዛሬ ጧት ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት፥ ወይም ረፋዱ ላይ በዕረፍት ጊዜያችሁ፥ አንድ ስኒ ቡና ሳትጠጡ አልቀራችሁም። ቡናው ከወዴት የመጣ እንደ ሆነ ብትጠየቁ ከጅማ ነው፥ ከይርጋ ጨፌ ነው፥ ከኢሉባቦር ነው ብላችሁ ለመመለስ አትቸገሩም። በምን ዛፍ ጥላ ሥር እንዳደገ የሚጠይቅ ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ ስለ ቡናው ራሱ ብዙ አልናገርም፤ ስለ ቡና የሚናገር ሰው ሞልቷል። የምናገረው ከቡናው በላይ ቆሞ ፀሓዩን ስለሚቀበልለት አንድ ዛፍ ነው። ዛፉም ዛፍ ከመሆኑ በፊት ማንም የማይወደው የእሾህ ቁጥቋጦ ስለ ሆነ፥ ንግግሬን ከቁጥቋጦው እጀምራለሁ።

ከበደሌ ተነሥታችሁ በያዩና በሁሩሙ በኩል ወደ መቱ የሄዳችሁ እንደ ሆነ፥ መንገዱ ከጫካ ወደ እርሻ፥ ከእርሻም ወደ ጫካ ሲገባና ሲወጣ ታያላችሁ። እርሻውና ጫካው በሚገናኙበት ጠርዝ፥ በግጦሹ ዳርና ባደረ ማሳ ላይ፥ ቁመቱ ከጕልበት እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፥ ቅጠሉ እንደ ላባ የለሰለሰ፥ ቅርንጫፉ ግን በእሾህ የታጠረ ቁጥቋጦ አለ። ፍየል ጫፍ ጫፉን ትቀነጥበዋለች፤ እረኛ ለአጥር ይቆርጠዋል፤ ከከተማ ለሥራ የመጣ ሰው ደግሞ እጁን ሲወጋው ተቈጥቶ ያልፈዋል። እኔም ከዚህ ተክል ጋር መጀመሪያ የተዋወቅሁት በጣቴ ነው እንጂ በመጽሐፍ አይደለም።

ይህ ቁጥቋጦ በአማርኛ ባዝራ ግራር፥ ባጭሩም ግራር፥ በኦሮምኛ ደግሞ ላፍቶ የሚባለው ነው። ከፍየልና ከገጀራ ተርፎ ዕድሜ ያገኘ እንደ ሆነ 15 ሜትር፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ 20 ሜትር ይረዝማል፤ አናቱም እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ ይደላደላል። በመቱና በአካባቢዋ ባለው ቡና ላይ ጥላቸውን ከሚጥሉት ዛፎች አንዱ ይኸው ነው። ሕፃኑንና ሽማግሌውን ጎን ለጎን ላየ ሰው ግን ሁለቱ አንድ ወገን መሆናቸውን ለማመን ያስቸግረዋል።

አስቀድሜ ስለ አገሩ ጠባይ ጥቂት ልበል። መቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። እስከ 1978 ድረስ የኢሉባቦር ዋና ከተማ የነበረችው ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮቼ ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ።) በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናም ከሚበዛባቸው ክፍሎች አንዱ ይህ አገር ሲሆን፥ በዓመት የሚወርደው ውሃ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዝናም ባለበት ምድር ላይ ሰው እጁን ቢሰበስብ፥ መሬቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ራሱን በራሱ ያለብሳል።

ባዝራ ግራር የሚስማማው ከፍታ ከ1,500 ሜትር ጀምሮ እስከ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ መቱና ጎሬ፥ ሁሩሙና ያዩ በርስቱ ውስጥ ናቸው። ከጎሬ በቡሬ በኩል ወደ ባሮ ቆላ የወረደ ሰው ግን ይህን ግራር እየተወ ይሄዳል፤ በጋምቤላ ሜዳ ላይ የሚቀበሉት ግራሮች ሙቀቱንና በክረምት ውሃ የሚተኛበትን ጥቁር አፈር የሚችሉ ሌሎች ዓይነቶች ናቸው። ባዝራ ግራር የደጋና የወይና ደጋ ሰው ነው ብንል አልተሳሳትንም። በኢትዮጵያ ብቻም የሚወሰን አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ላይ ወደ ደቡብ እየወረደ እስከ ዚምባብዌ ድረስ ይገኛል።

አሁን ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ጥቅጥቅ ባለውና የሰው እጅ ባልነካው የኢሉባቦር ጫካ ውስጥ፥ ቀረሮን የመሳሰሉ ታላላቅ ዛፎች ሰማዩን በሸፈኑበት ሥፍራ፥ የግራር ችግኝ አያድግም። ግራር ብርሃን ይፈልጋል፤ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ቢሆንም እርሱ ራሱ በሌላው ጥላ ሥር መኖር አይችልም። ስለዚህ በጫካ መካከል አንድ ሽማግሌ ግራር ቆሞ ብታገኙ፥ ያ ሥፍራ ከብዙ ዓመታት በፊት ወይ ማሳ፥ ወይ የከብት መዋያ፥ ወይም ዛፍ ወድቆ ብርሃን የገባበት ቦታ እንደ ነበረ መገመት ትችላላችሁ። የድሮ ሰነድ ለመመርመር የለመደ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። ግራሩ የቦታው አሮጌ ፋይል ነው።

ወደ ተክሉ አካል ልመለስ። የግራር ቅጠል ብለን የምንጠራው ነገር በእውነቱ ብዙ ቅጠል ነው። ከአንዱ ዋና ዘንግ ግራና ቀኝ ትንንሽ ዘንጎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ ጥንዶቹም ከ15 እስከ 36 ይደርሳሉ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ያልፋሉ። በእያንዳንዱ ትንሽ ዘንግ ላይ ደግሞ ከ20 እስከ 40 ጥንድ የሚሆኑ ቅንጣት ቅጠሎች ተደርድረዋል። እንግዲህ 20 ጥንድ ዘንግ ያለው አንድ ቅጠል ብንወስድና በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ 30 ጥንድ ቅንጣት ብንቈጥር፥ ባንድ ቅጠል ላይ 2,400 ቅንጣቶች እናገኛለን። የአንዲቱ ቅንጣት ርዝመት ከ4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህን ሒሳብ ያቀረብሁት ለማስደነቅ አይደለም፤ ለቡናው የሚሆነው የጥላው ጠባይ ሁሉ ከዚህ ቅንጣትነት የሚመነጭ ስለ ሆነ ነው።

እሾሁን ያያችሁ እንደ ሆነ፥ በቅጠሉ ግርጌ ሁለት ሁለት ሆኖ የቆመ ቀጥ ያለ እሾህ ነው እንጂ እንደ ቀንጠፋ የተቆለመመ አይደለም። የዕፅዋት ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ይህ እሾህ የቅርንጫፍም የልጥም ልጅ አይደለም። ብዙ ተክሎች በቅጠላቸው ግርጌ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቅጠል መሰል ነገሮች ያወጣሉ፤ በግራር ላይ እነዚያው ደንድነው እሾህ ሆኑ። እሾሁ የሚበረታው ተክሉ በፍየል አፍ አቅራቢያ በሚቆምበት በልጅነቱ ጊዜ ሲሆን፥ ዛፉ ከፍ ካለ በኋላ ይሳሳል። የወጣቱ ዛፍ ልጥ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሣል፤ ያረጀው ደግሞ ወደ ጥቁርነት ያደላ፥ ሻካራና የተሰነጣጠቀ ልጥ አለው።

አበባው ነጭ ወይም ወተት መሳይ ትንሽ ኳስ ነው። ሆኖም ያች ኳስ አንዲት አበባ አይደለችም፤ የብዙ ደቃቅ አበቦች ማኅበር ናት። የእያንዳንዷ አበባ መልካበብ ከማነሱ የተነሣ ለዓይን አይታይም፤ የምናየው ነጭ ጸጕር የሚመስለው ሁሉ የወንዴው ክፍል ነው። ንቦች ወደዚህ አበባ ይመጣሉ። ፍሬው ከአተርና ከባቄላ ፍሬ ጋር ይመሳሰላል፤ እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ጠፍጣፋ ቡናማ ልባስ ሲሆን፥ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ይጥላል። ግራርም አተርም ባቄላም የአንድ ታላቅ ቤተሰብ ልጆች መሆናቸውን ያላወቀ ሰው ቢኖር፥ ልባሱን ከፍቶ ማየት ይበቃዋል።

በመቱ አገር ግራርን ከዘመዱ ከሳሳ ጋር የሚያሳስቱት ብዙ ናቸው። ሳሳ በኦሮምኛ አምባበሳ ወይም ሙካ አርባ ይባላል፤ እርሱም ጠፍጣፋ አናት ያለው፥ ቡና የሚያጠልል መልካም ዛፍ ነው። ለመለየት ግን አያስቸግርም። ሳሳ እሾህ የለውም፤ ቅንጣት ቅጠሎቹም ይበልጥ ሰፋ ያሉና ማዕዘን ያላቸው ናቸው። ጠለቅ ብሎ ለማወቅ የሚሻ ሰው ደግሞ አበባውን ይመልከት። በግራር አበባ ላይ የወንዴዎቹ ዘንጎች እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ሲቆሙ፥ በሳሳ አበባ ላይ ግን ከሥራቸው ተጣብቀው እንደ ቀጭን ቧንቧ ይሆናሉ፤ የቧንቧውም ጫፍ ወደ ቀይ ይወስዳል። የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱን ወገኖች የሚለዩት በዚህ ምልክት ነው።

ስለ ስሙም አንድ ታሪክ አለ፥ እርሱንም ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈቀድሁም። ባዝራ ግራር በዓለም የዕፅዋት መዝገብ የገባው በ1846 ነው። ለብዙ ዓመታት በኢትዮጵያ ኖሮ በ1878 በአድዋ ያረፈው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ከሰሜኑ ክፍል ሰብስቦ የላካቸውን ዕፅዋት መነሻ በማድረግ፥ እንግሊዛዊው ጆርጅ ቤንተም አካሺያ አቢሲኒካ ብሎ ስሙን አሳተመ። አካሺያ የሚለው ቃል ራሱ የጥንት ግሪኮች ለግብፅ የእሾህ ዛፍ ያወጡት ስም ስለ ሆነ፥ ስሙ ከጥንት ጀምሮ የአፍሪካ ንብረት ነበረ ማለት ይቻላል።

ነገር ግን አውስትራሊያ ከ1,000 የሚበልጡ የግራር ዘመዶች የሚገኙባት አገር ናት፤ አብዛኞቹም እሾህ የላቸውም። ሊቃውንቱ ምርመራቸውን ሲቀጥሉ የአውስትራሊያውና የአፍሪካው ባንድ ስም ሊጠሩ የማይገባቸው ልዩ ልዩ ወገኖች ሆነው ተገኙ። እንግዲያስ አካሺያ የሚለው ስም ለማን ይሁን የሚል ክርክር ተነሣ። ጉዳዩ በ2005 በቪየና ከተማ ለተሰበሰበው የዓለም የዕፅዋት ጉባኤ ቀረበ። ድምፅ ሲሰጥ ስሙ ለአውስትራሊያ መሰጠቱን የተቃወሙት 55 ከመቶ ያህል፥ የደገፉት 45 ከመቶ ያህል ሆኑ። ይሁን እንጂ በጉባኤው ሥርዓት መሠረት ኮሚቴው አስቀድሞ ያቀረበውን ሐሳብ ለመሻር 60 ከመቶ ያስፈልግ ስለ ነበረ፥ ብዙዎቹ ተሸንፈው ጥቂቶቹ አሸነፉ። በ2011 በሜልቦርን ጉባኤም ነገሩ ጸና። ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የደንብ አንቀጽ ምን እንደሚሠራ ያየ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይህ ነገር አይገርመውም።

ከዚያ በኋላ ባለ ቀጥ እሾሁ የአፍሪካ ግራር ቫኬሊያ ተባለ፤ ይህም ስም በቻይና አገር ዕፅዋት ይሰበስብ ለነበረ ቫኬል ለተባለ የእንግሊዝ ቄስ መታሰቢያ በ1834 የወጣ ነው። የእኛም ባዝራ ግራር ከ2013 ጀምሮ በአዲሱ አጠራር ቫኬሊያ አቢሲኒካ ሆነ። በ1989 የታተመውን የኢትዮጵያ ዕፅዋት መዝገብ ሦስተኛ ጥራዝ የከፈተ ሰው ግን በቀድሞ ስሙ ያገኘዋል። በበኩሌ ውሳኔው ፍትሕ የጎደለው ይመስለኛል፤ መቱ ላይ ግን ላፍቶ ትናንትም ላፍቶ ነበረ፥ ዛሬም ላፍቶ ነው።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ቡና በተፈጥሮው በታላላቅ ዛፎች ሥር የሚኖር ቁጥቋጦ ነው። በሙሉ ፀሓይ ላይ የቆመ ቡና ብዙ አበባ ያወጣል፤ ብዙም ፍሬ ይይዛል። ሆኖም ቅጠሎቹ ሊመግቡት ከሚችሉት በላይ የያዘ እንደ ሆነ ኃይሉን ሁሉ ለፍሬው ይሰጥና ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል፤ በሚመጣውም ዓመት ምርቱ ይጠፋል። በመጠነኛ ጥላ ሥር ያለው ግን በየዓመቱ የሚችለውን ያህል እየሰጠ ብዙ ዘመን ይኖራል።

ጥላ ስንል ግን ጨለማ ማለታችን አይደለም። ጥላው እጅግ የጠነከረ እንደ ሆነ ቡናው ወደ ላይ ይመዘዛል እንጂ አያፈራም። የግራር ቅጠል ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። እነዚያ 2,400 ቅንጣቶች የፀሓዩን ብርሃን አይከለክሉትም፤ ያጠሩታል። ቡናው ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ፥ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ብርሃን ያገኛል። የዝናሙም ነገር እንዲሁ ነው። ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ውሃውን አጠራቅሞ በትልቅ ነጠብጣብ ይጥለዋል፤ የግራር ቅጠል ግን በትኖ ያወርደዋል። ቅንጣቱ ሲረግፍም የቡናውን ቅጠል ሳይሸፍን በመካከሉ ሾልኮ መሬት ይደርሳል፤ እዚያም በቶሎ ይበሰብሳል። የኢሉባቦር ገበሬ ጫካውን ለቡና ሲያሳሳ ሳሳንና ግራርን፥ ዋንዛንና ብርብራን እየመረጠ የሚተወው እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ይህን ዕውቀት ያገኘው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ሽቅብ እየተመለከተ ነው።

ከመሬት በታች የሚሠራው ሥራ ደግሞ ከላይኛው አያንስም። አየር ከመቶው 78 እጁ ናይትሮጂን ነው። ቅጠልም ሥጋም ያለ ናይትሮጂን አይሠራም፤ ነገር ግን ዛፍ ይህን ናይትሮጂን ከአየር ላይ በቀጥታ ሊወስደው አይችልም። በግራር ሥር ላይ ትንንሽ እጢ የሚመስሉ እብጠቶች አሉ። በእነርሱ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጂኑን ወስደው ለተክል ወደሚሆን ምግብ ይለውጡታል፤ ዛፉም በዋጋው ስኳር ይከፍላቸዋል። ሥራ ላይ ያለውን እጢ በጥፍራችሁ ብትሰነጥቁት ውስጡ ወደ ቀይ የሚያደላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቀለሙ የሚመጣው በደማችን ውስጥ ላለው ቀይ ነገር ዘመድ ከሆነ ንጥረ ነገር ነው። የረገፈው ቅጠልና የሞተው ሥር ሲበሰብስ ናይትሮጂኑ ለጎረቤቱ ለቡናው ይተርፈዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በያዩ ምድር የድንጋይ ከሰል አለ። በ2012 ከዚያ ከሰል ዩሪያ፥ ማለት ናይትሮጂን ያለበት ማዳበሪያ ለመሥራት የታሰበ የፋብሪካ ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ በታሰበው ጊዜ ግን ሳይጠናቀቅ ቀረ። ፋብሪካ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ማዳበሪያ ይፈልጋል። ዳሩ ግን ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ያላለቀው ሥራ በተጀመረበት ወረዳ፥ ያንኑ ናይትሮጂን ያለ ጭስና ያለ በጀት ዓመት ከዓመት የሚሠራ ዛፍ በየመንገዱ ዳር ሲቆረጥ ማየት ያስተዛዝባል።

አንዳንድ አንባቢ፥ በብራዚል ቡና በአብዛኛው ያለ ጥላ ይበቅል የለምን? ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አዎን፥ ይበቅላል። ነገር ግን እዚያ ፀሓዩ የሚያወጣውን ኃይል በማዳበሪያ ከረጢት፥ በመድኃኒትና በየጊዜው ቡናውን አንሥቶ አዲስ በመትከል ይተኩታል። ይህን ሁሉ ለማድረግ አቅም የሌለው፥ ሁለት ወይም ሦስት ጥማድ የቡና መሬት ያለው የሁሩሙ ገበሬ ጥላውን ቆርጦ የብራዚልን ምርት ቢመኝ፥ የሚያገኘው የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ደስታና የኋለኞቹን ዓመታት ደረቅ ቅርንጫፍ ነው።

የኢሉባቦር ጥላ ለአገሩ ብቻ ሳይሆን ለመላው ኢትዮጵያ የጠቀመበትን ጊዜ ማስታወስ ይገባል። በ1971 የቡናን ፍሬ ገና አረንጓዴ ሳለ የሚያጠቍረውና የሚያደርቀው በሽታ በኢትዮጵያ ታየ፤ በጥቂት ዓመታትም ወደ ብዙ አውራጃዎች ተዛመተ። የጅማ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሰዎች መድኃኒት ከመፈለግ ይልቅ ወደ ጫካ ገቡና በሽታው በበዛበት መካከል ያልታመሙትን የቡና ተክሎች እየመረጡ ዘራቸውን ሰበሰቡ። በ1974 በመቱ አቅራቢያ ቢሻሪ በሚባለው ሥፍራ ከተገኙት መካከል 74110፥ 74112፥ 74140፥ 74148፥ 74158 እና 74165 የሚባሉት ይገኛሉ። የቁጥሮቹ መጀመሪያ 74 የተሰበሰቡበት ዓመት ምልክት ነው። እነዚህ ዓይነቶች ተፈትነው ለገበሬ ተሰጡ፤ ዛሬም በምዕራብ ኢትዮጵያ በሰፊው ይተከላሉ። እነዚያ ቡናዎች በዛፎች ጥላ ሥር ለብዙ ትውልድ ሲወለዱ ባይኖሩ ኖሮ፥ የሚመረጥ ነገር ከየት ይገኝ ነበር? ዩኔስኮ በ2010 የያዩን የቡና ጫካ፥ በጠቅላላው 167,021 ሄክታር የሚሆነውን ምድር፥ በሰውና በተፈጥሮ ጥበቃ መዝገብ የጻፈው ለዚሁ ነው። ከዚህ ውስጥ በፍጹም እንዳይነካ የተወሰነው የመካከሉ ክፍል 27,733 ሄክታር ነው።

እንግዲህ አሳቡ ወዴት ላይ ነው? የሚቆረጠው ትልቅ ዛፍ ለዓይን ስለሚታይ ሰው ይጮህበታል፤ ዘበኛም ይደርስበታል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የማይታየው ነው። በቡና ጫካ ውስጥ ገበሬው በየዓመቱ፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለት ጊዜ፥ ከቡናው በታች ያለውን አረምና ቁጥቋጦ በገጀራ ይመነጥራል። ለቀማ የሚመቸውም እንዲህ ሲሆን ነው፤ አይፈረድበትም። ነገር ግን በምንጣሮው ጊዜ የቡናው ችግኝ ሲተርፍ፥ የጥላ ዛፎቹ ሕፃናት ከአረሙ ጋር አብረው ይወድቃሉ። ባለ እሾሁ ግራር ደግሞ እጅ ስለሚወጋ ከሁሉ አስቀድሞ ይቆረጣል። በዚህ ምክንያት ብዙ የቡና ጫካ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ከታች ግን ተተኪ የለውም። ሠራተኞቹ ሁሉ ለጡረታ የደረሱበት፥ አዲስ ግን ለብዙ ዓመታት ያልተቀጠረበት መሥሪያ ቤት እንዴት እንደሚሆን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። አንዱ ሽማግሌ ግራር በነፋስ ወድቆ ባዶ የቀረው ሥፍራ በጥቂት ጊዜ ፀሓይ የመታው ቡና ይሆናል።

ለዚህ ነገር መድኃኒት ይሆን ዘንድ በየችግኝ ጣቢያው ብዙ ይለፋል፤ ልፋቱም አይናቅም። ነገር ግን ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በሚላከው ዘገባ ላይ የሚጻፈው የተተከለው ችግኝ ቁጥር ነው። ሳይቆረጥ የተተወው፥ ራሱ በቅሎ የጸደቀው ችግኝ የሚጻፍበት ዓምድ የለም። ዓምድ የሌለው ነገር ደግሞ በጽሕፈት ቤት ዓይን እንደሌለ ይቈጠራል። ይህን ዘገባ ከሚያዘጋጁት ወይም ከሚፈርሙት ሰዎች አንዳንዶቹ ይህን ጽሑፍ ሳያነቡት እንደማይቀሩ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከውጭ የመጣው እሾህ የሌለው ግራርስ? የሚል ቢኖር፥ በአዊ አገር በፋግታ ለኮማ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የሚሉት የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። እርሱን ተክለው በአራት ወይም በአምስት ዓመት ከሰል ያደርጉታል፤ አዲስ አበባ ላይ የምትገዙት ከሰል ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። የተጎዳ መሬትን አልብሷል፥ ለገበሬውም ገንዘብ አስገኝቷል። በቅርብ ዓመታት ግን በሽታ ገብቶበት ብዙ ጉዳት አድርሶበታል። የዚያ ዛፍ ሥራ ግን በቶሎ አድጎ በቶሎ መቆረጥ ነው። ለቡና የሚፈለገው በቦታው ቆሞ የሚያረጅ ስለ ሆነ፥ አንዱን በሌላው መተካት አይቻልም።

ባዝራ ግራርን በዘር ማብቀል ለሚፈልግ ሰው አንድ ነገር ይበቃዋል። የዘሩ ቅርፊት እጅግ ጠንካራ ስለ ሆነ ውሃ አያስገባም። በተፈጥሮ ይህ ቅርፊት የሚለሰልሰው ዘሩ በከብት ሆድ ውስጥ ሲያልፍ ወይም ብዙ ጊዜ መሬት ውስጥ ሲቆይ ነው። በችግኝ ጣቢያ ግን ውሃ አፍልቶ ከእሳት ማውጣት፥ ዘሩን በላዩ ማፍሰስና በዚያው እየበረደ እንዲያድር ማድረግ ነው። በማግሥቱ ያበጠው ዘር ይዘራል፤ ያላበጠው ደግሞ እንደገና ሙቅ ውሃ ይፈስስበታል።

በዱር የበቀለውን ለማዳን ለሚሻ ደግሞ ዋናው ነገር ሕፃኑን ከአረሙ ለይቶ ማወቅ ነው። ከምድር ሲወጣ የመጀመሪያው ቅጠሉ የትልቁን ዛፍ ቅጠል አይመስልም። ባንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ጥቂት ቅንጣቶች ብቻ ተደርድረው ይታያሉ፤ ዘንጉ ወደ ሌሎች ዘንጎች የሚከፈለው ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቅጠል ጀምሮ ነው። ከዚያ በቅጠሉ ግርጌ ሁለት ሁለት ሆነው የቆሙ፥ ገና ለስላሳ የሆኑ ነጥቦች ይወጣሉ፤ እነርሱም እሾሆቹ ናቸው። በዚህ ጊዜ ተክሉ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ከምንጣሮ በፊት በአጠገቡ አንድ ረጅም እንጨት የተተከለለት እንደ ሆነ፥ ገጀራ የያዘው ሰው ከሩቅ አይቶ ያልፈዋል።